ከልጆቻችን እጅ የሚገባው ምንድን ነው?
ሳይጋገር በቤት ስለሚሰናዳ የተምርና የኦቾሎኒ መክሰስ



የዕረፍት ደወል ሲደወል በትምህርት ቤት ግቢ ቆም ብሎ ልጆችን የተመለከተ ሰው ብዙ ነገር ይታዘባል። አንዱ ቀይና ቢጫ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ይሮጣል፤ ሌላዋ የብስኩት ማሸጊያ በጥርሷ ትቀድዳለች፤ ሦስተኛው ከጓደኛው እጅ የቀረችውን ቁራሽ ይለምናል። እኛ በሳምንቱ ቀናት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምር በመሆናችን ይህንኑ በሁለቱም ግቢ እናየዋለን። ልጆቹን «የምትበሉት ከምን የተሠራ ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው የሚመልስልን አናገኝም። ወላጆቻቸውን ብንጠይቅም መልሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሱቅ የሚገዛን ነገር ሁሉ ማውገዝ አይደለም። እናት አባት ሥራ ውለው ይገባሉ፤ ጊዜም ገንዘብም ያጥራል። ይሁን እንጂ ምድጃ ሳይለኮስ፣ ዳቦ መጋገሪያ ሳያስፈልግ፣ ከዐሱር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ከልጆች ጋር ሆነን የምናሰናዳው ጥሩ መክሰስ አለ። አሠራሩን ከማቅረባችን በፊት ግን በእኛው በመምህራኑ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ልናጫውታችሁ እንወዳለን። ትምህርቱን ያገኘነው ከዚያ ነውና።

የተደፋው ኦቾሎኒ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረመዳን ሊገባ ሰሞን፣ ለመድረሳችን ልጆች ማፍጠሪያ የሚሆን የተምርና የኦቾሎኒ ድቡልቡል ለማዘጋጀት ተነሣን። ገንዘቡ ከመምህራኑና ከጥቂት ወላጆች የተዋጣ ስለነበር በቁጠባ መግዛት ነበረብን። ገበያ ስንዞር ከሌላው በጣም የረከሰ ኦቾሎኒ አገኘንና 5 ኪሎ ገዛን። ፍሬው የተጨማደደ፣ አንዳንዱም የጠቆረ ነበር። «ሲቆላ ይስተካከላል» ተባባልን። ቆላነው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እኛም ደስ አለን።

ልታግዘን የመጣች አንዲት እናት ከተቆላው አንድ ሁለት ፍሬ አንሥታ ቀመሰችና ወዲያው ተፋችው።

«ኡስታዞች፣ ይሄማ መሯል። ሻግቶ የነበረ ነው። ለልጅ አይሰጥም» አለችን።

«ተቆልቷል እኮ፤ እሳት ያየ ነገር ምን ይሆናል?» ብለን ተከራከርን።

«ምሬቱን እሳቱ መች ወሰደው? የራሳችሁ ልጅ ቢሆን ትሰጡት ነበር?» ስትለን መልስ አጣን።

ከመካከላችን ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ነበረ። እርሷ ፊደል የቆጠረችው በመድረሳችን የእናቶች ክፍል ነው። ያን ዕለት ማታ መጻሕፍት ስናገላብጥ እርሷ ትክክል፣ እኛ ስሕተት እንደሆንን ተረዳን። ኦቾሎኒውን ፍየልና ዶሮ እንዳያገኘው ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የሰው ገንዘብ ስለነበረ ከኪሳችን ተካነው። እስኪተካ ድረስ ግን ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያፈጠሩት በተምርና በውኃ ብቻ ነበር። እርሱም ቢሆን ሱና ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በእሸት ተምር፣ እርሱ ከሌለ በደረቅ ተምር፣ ያም ከሌለ ጥቂት ውኃ ተጎንጭተው ያፈጥሩ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) የተናገሩትን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

እሳት የማያጠፋው መርዝ

ያቺ እናት በምላሷ የለየችው ነገር በሳይንስ ስም አለው። ኦቾሎኒ ከተነቀለ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች፣ ወይም እርጥበትና ሙቀት ባለበት መጋዘን ሲቆይ ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ከምግብ ጋር ከተወሰደም የጉበት ካንሰር ያስከትላል። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ ምክንያት አለቁ። ሲመረመር የተመገቡት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ይህ መርዝ ያለበት ሆኖ ተገኘ። መርዙ ሊታወቅ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሻጋታው በእሳት ቢሞትም መርዙ ግን በቤታችን ምድጃ በመቁላትና በመቀቀል አይጠፋም። «ሲቆላ ይስተካከላል» ማለታችን ስሕተት የነበረው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ምሬት የመበላሸት ምልክት እንጂ መርዙ ራሱ አይደለም። ስለሆነም የማይመር ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከሁሉ የሚሻለው ፍሬውን ሳይፈጭ ገዝቶ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ተፈጭቶ የሚሸጥ ኦቾሎኒ ውስጥ የተበላሸው ከደኅናው ጋር ስለሚቀላቀል ዓይን አይለየውም።

ሐላልና ጠይብ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ የሰው ልጆችን ሁሉ በምድር ላይ ካለው ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንዲበሉ ያዛል። ቃሎቹ ሁለት ናቸው። በየቤታችን ስለ መጀመሪያው እንጠይቃለን፤ «ሥጋው የማን ነው? ማን አረደው?» እንላለን። ይህ ተገቢ ነው። ጠይብ የሚለውን፣ ማለትም ንጹሕና መልካም የሆነውን መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ያ ኦቾሎኒ በሐላል ገንዘብ የተገዛ ነበር፤ ጠይብ ግን አልነበረም።

ስለ መጀመሪያውም ቢሆን ለልጆች ስንገዛ እንዘናጋለን። ለስላሳና የሚለጠጡ ከረሜላዎች ብዙውን ጊዜ ጀላቲን አለባቸው። ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን ከአሳማ የተገኘም ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ምንጩ ካልተጻፈ ትቶ ማለፍ ይሻላል።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ ሐሰን ቢን ዐሊይ (ረ.ዐ.) ገና ሕፃን ሳሉ ከሰደቃ ተምር አንዲት ፍሬ አንሥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ረሱልም እንዲተፏት አዘዟቸው፤ የእርሳቸው ቤተሰብ ሰደቃ እንደማይበላም ነገሯቸው። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ሰፍሯል። አንዲት የተምር ፍሬ ናት፤ ባለቤቱም ሕፃን ነው። «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ተብሎ ግን አልታለፈም። የልጅ አፍ በወላጅ እጅ ያለ አማና ነውና።

ሐይስና ጭኮ

ሳይጋገር ከተምር የሚሰናዳ ምግብ አዲስ ነገር አይደለም። ዐረቦች ተምርን፣ የተነጠረ ቅቤንና ደረቅ አይብን አንድ ላይ አሽተው የሚሠሩት ሐይስ የተባለ ምግብ አላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ለሠርጉ የቀረበው ሐይስ ነበር። ጉዞ ላይ ስለነበሩ ከሶሃቦች ያለው ያለውን አመጣ፤ አንዱ ተምር፣ ሌላው ቅቤ አቀረበ፤ ተቀላቅሎም ወሊማ ሆነ።

በአገራችንም የአርሲና የባሌ እናቶች የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽተው ጭኮ ያሰናዳሉ። ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ ለእንግዳም ይቀርባል። በሶውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው የባዕድ አገር ምግብ አይደለም፤ ሐይስና ጭኮ ቢጋቡ የሚወልዱት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አመራረጥ

ተምር፦ የደረቀና የታሸገ፣ ወይም በኪሎ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል። በአፋር ክልል የሚበቅል ተምር ቢኖርም በረመዳን ገበያችንን የሚሞላው በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከየትም ይምጣ እያንዳንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ውስጡ ትል ወይም ጥቁር ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ሊኖር ይችላል። ይህን ማድረግ ንፉግነት ወይም ቅምጥልነት አይደለም። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የቆየ ተምር ሲቀርብላቸው እያዩ ትሉን ያወጡ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

ኦቾሎኒ፦ ብዙዎቻችን ለውዝ የምንለው ነው። በመድረሳ ዐረብኛ የሚማሩ ልጆች ግን ዐረቦች ለውዝ የሚሉት በዛፍ ላይ የሚያፈራውን ሌላ ፍሬ መሆኑን፣ የእኛውን ኦቾሎኒ ፉል ሱዳኒ እንደሚሉት ቢያውቁ መልካም ነው። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም ባቢሌ፣ በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት። ሲገዛ ሙሉና ድፍን ፍሬ ይመረጥ፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበት፣ የታፈነ ሽታ ያለው ይጣል።

ሰሊጥ፦ ደረቅና ከአሸዋ የጠራ ይሁን። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለስላሳ እሳት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታምሶ ይቀመጥ።

አሠራር

አንድ፦ የተምርና የኦቾሎኒ ድቡልቡል (40 ገደማ ይወጣዋል)

ዘሩ የወጣ ተምር 500 ግራም፣ ተቆልቶ የተላጠ ኦቾሎኒ 250 ግራም፣ የታመሰ ሰሊጥ 50 ግራም፣ ለመዓዛ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

ተምሩ ይታጠብና በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። በጣም የደረቀ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠነፍፋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ይላቁጣል። ኦቾሎኒው በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ሽርክት ብሎ ይቅር እንጂ ዱቄት አይሁን። ከዚያም ተምሩ ለብቻው እየተወቀጠ ሲልም ኦቾሎኒውና ኮረሪማው ይጨመራሉ። ሊጥ ሲመስል እጅን በጥቂት ዘይት አስነክቶ የዋልነት ፍሬ በሚያህል መጠን ማድበልበልና ሰሊጡ ላይ ማንከባለል ነው። ስኳር አይጨመርበትም።

ሁለት፦ የበሶና የተምር ቁራሽ

ዘሩ የወጣ ተምር 250 ግራም፣ በሶ 1 ኩባያ፣ የቀለጠ የተነጠረ ቅቤ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ለምልክት ያህል።

በሶውና ጨው በቅቤው ይታሻል። የተወቀጠው ተምር ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ አንድ ላይ እስኪያያዝ ድረስ ይለወሳል። ቢፈረፈር አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ቢለጠጥና እጅ ላይ ቢጣበቅ ጥቂት በሶ ይጨመርበታል። በሳህን ላይ ጠፍጥፎ፣ ለግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አቆይቶ በቢላ መቁረጥ ነው። ለሱሁር ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር ጥሩ ይሆናል።

ሦስት፦ ኦቾሎኒ ለማይስማማው ቤት

ዘቢብ 250 ግራም፣ ተቆልቶ የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 100 ግራም፣ በሶ ግማሽ ኩባያ።

ዘቢቡ ከግንጣዩና ከጠጠር ተለቅሞ ይታጠብና በደንብ ይደርቃል። ከተወቀጠ በኋላ ከዱባው ፍሬና ከበሶው ጋር ይለወሳል። ይህም ተጠፍጥፎ ይቆረጣል ወይም ይድበለበላል።

ሁሉም ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጣሉ። ተምሩ ውኃ ውስጥ የቆየ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ ቢበላ ይመረጣል፤ ፍሪጅ ያለው ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። በረመዳን ቀን የሚያሰናዱ እህቶች ጣዕሙን ለማወቅ ሲያስፈልግ ምላስ ላይ አድርገው ሳይውጡ ቢተፉት ጾማቸውን እንደማያፈርስ ዑለማዎች ገልጸዋል።

ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ

ኦቾሎኒ ከክብደቱ ሩብ የሚሆነው ፕሮቲን፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ቅባት ነው። ተምር ለአንጀት የሚረዳ አሰር ቢኖረውም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ስለዚህ መክሰሱ ጠቃሚ ቢሆንም ልክ አለው፤ ለአንድ ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ፍሬ ይበቃዋል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች «ተምር ሱና ነው» ብለው ያለ ልክ እንዳይወስዱ፣ መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩበት እንመክራለን።

ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ኦቾሎኒ አይሰጥም፤ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊያንቅ ይችላል። ለእነርሱ በደንብ ተፈጭቶ፣ ቁጭ ብለው እንጂ እየሮጡ ሳይሆን ይሰጣቸው። ማር መጨመር የሚወድም ቢኖር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ይወቅ።

ኦቾሎኒ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ያለ፣ ያስመለሰ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካለ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ዳግመኛም አይቅመስ። በመድረሳ ወይም በመስጊድ ለብዙ ልጆች የሚያሰናዱ ሰዎች ይህን ከወላጆች አስቀድመው ይጠይቁ። በመጨረሻም ተምርና ዘቢብ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቁ ከበሉ በኋላ መጉመጥመጥና ሲዋክ መጠቀም ያስፈልጋል። ሲዋኩም ሱና ነው።

ሥራው ራሱ ተርቢያ ነው

ያ ኦቾሎኒ ከተቀበረ በኋላ ያቺን እናት መልቀሙን ለልጆቹ እንድታስተምርልን ለመንናት። እሺ አለች። በሰፌድ ላይ አፍስሳ ልጆቹን ዙሪያዋን አስቀመጠቻቸውና «የተጠራጠራችሁትን ወደዚህ፣ ደኅናውን ወደዚያ» አለቻቸው። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ግማሽ ጎኑ የጠቆረ ፍሬ ይዞ ብዙ አሰበ። «ግማሹ እኮ ደኅና ነው፤ ይጣል ወይስ ይበላ?» ሲል ጠየቃት። «ለወንድምህ ብትሰጠው ደስ ይልሃል?» አለችው። ልጁም ወደሚጣለው ጣለው። እኛ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈን ያላስረዳነውን ነገር እርሷ በአንዲት ፍሬ አስረዳችው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሥራ ብቻችሁን አትጨርሱት። ልጆች እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው ይቀመጡ። ትንንሾቹ ተምር ይክፈቱ፤ ትልልቆቹ ይውቀጡ፤ ወንዶቹም «የሴት ሥራ ነው» ብለው እንዳይሸሹ። ዑመር ቢን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳሉ እጃቸው በሳህኑ ላይ ሲዞር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኝ እጃቸውና ከፊታቸው እንዲበሉ ያስተማሯቸው እዚያው በማዕዱ ላይ እንጂ በሌላ ቦታ አልነበረም። ሲጨረስም የመጀመሪያው ሳህን ለጎረቤት ይሂድ፤ ሙስሊምም ሆነ ሌላ ጎረቤት ሐቅ አለውና። ተሸካሚው ልጁ ይሁን።

«ድሀ ነን፣ ምን ተርፎን ነው የምንሰጠው?» የሚል ካለ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የነገሩንን ያስታውስ። አንዲት ምስኪን ሴት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ እርሳቸውም ሦስት የተምር ፍሬ ሰጧት። ለልጆቿ አንድ አንድ ሰጥታ የራሷን ልትበላ ወደ አፏ ስታቀርብ ልጆቹ እርሱንም ጠየቋት። ለሁለት ከፍላ ሰጠቻቸው። ይህ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው በዚያች ተምር ምክንያት አላህ ጀነትን እንዳጸናላት ተናገሩ። ታሪኩን ሙስሊም ዘግበውታል። የተምሯ ብዛት አልተጠየቀም፤ የሰጠችው ግን ለራሷ አፍ ያዘጋጀችውን ነበር።

እኛም ከዚያ ረመዳን ወዲህ በየዓመቱ ኦቾሎኒ የምንገዛው ያቺን እናት ይዘን ነው። እርሷ ቀምሳ ዝም ካለች እንገዛለን፤ ከተፋችው ዋጋው ቢረክስም ወደሚቀጥለው ሻጭ እንሄዳለን። የመጀመሪያው ማታ ልጆቹ ድቡልቡሉን ይዘው አዛን ሲጠብቁ ከመካከላቸው «ይሄን እኔ ነኝ የለቀምኩት» የሚል ድምፅ አይጠፋም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በሐላልና በጠይብ ያሳድግልን፤ እጃችንንም ከጥርጣሬ የጠራ ያድርግልን። አሚን።